የባላገር ዘፈን በራዲዮ

(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃና የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ እንደ ሳቁብን ሰምተናል። ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ትምህርት ጥራት በሚነገርበት መድረክ ስለ ባላገር ዘፈን ማውራት ምን ይረባል ያሉም ነበሩ። አልተቀየምናቸውም። ብቻ እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡን ነገሩ ከዘፈን የሰፋ መሆኑን ያዩልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ የሚናገረው ማን ነው? መልስ መስጠትስ የተፈቀደለት ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ ይነካልና።

«ባላገር» የሚለውን ቃል የከተማ ልጅ ስድብ አድርጎታል። እኛ በቀድሞ ትርጉሙ እንወስደዋለን፤ ባለ አገር፣ አገር ያለው ሰው ማለት ነው። የባላገር ዘፈን ስንልም የእርሻውን፣ የሠርጉን፣ የጦሩን፣ የናፍቆቱን ዘፈን፣ በማሲንቆና በክራር የሚባለውን ሁሉ ማለታችን ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር እንጀምረው። በአሜሪካ ራዲዮ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በቺካጎ፣ በማግሥቱም ዓመት በናሽቪል ከተማ፣ በየቅዳሜ ማታው የባላገር ዘፈን የሚያሰሙ ጣቢያዎች ተነሡ። ናሽቪል ላይ ኅዳር 19 ቀን 1918 ዓ.ም. አጎት ጂሚ ቶምሰን የሚባሉ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሽማግሌ ቫዮሊናቸውን ይዘው ማይክሮፎን ፊት ተቀመጡና ያወቁትን ሁሉ ተጫወቱ። አድማጩ ወደደው። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፤ በ1927 እ.ኤ.አ. ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚል ስም ወጣለት፣ በቅርቡም መቶ ዓመቱን ደፈነ። የእንዲህ ያለው ዝግጅት የመጀመሪያ ስሙ ግን «የጎተራ ጭፈራ» ነበር፤ ገበሬው እህሉን ካስገባ በኋላ በጎተራው ወለል ላይ ይጨፍር ስለ ነበረ ነው። (ከቂርቆስ ቁልቁል ያለውን የእኛን ጎተራ የምታውቁ ሁሉ ትመሰክራላችሁ፤ በዚያ ከመኪና ጡሩምባ በቀር የሚሰማ ዜማ የለም።)

ጣቢያውን ያቆመው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። የጣቢያው መጠሪያ ፊደላት እንኳ የኩባንያው መፈክር ምሕጻር ናቸው፤ «ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን» እንደ ማለት ነው። ኩባንያው የሚፈልገው ገበሬው ዘፈኑን ሰምቶ ውል እንዲገባ ነው። እንግዲህ ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ ባንጆ መቺው፣ መዝሙር ዘማሪው፣ በመካከሉም የሸቀጥ ማስታወቂያው፣ ሁሉም በአንድ ምሽት ተራ በተራ ይቀርባሉ። ንጹሕ ጥበብ ነው ብለን አናመሰግነውም። ደግሞም ፍርደ ገምድልነት ነበረበት፤ ከመጀመሪያዎቹ ታዋቂዎች አንዱ፣ የባቡርን ድምፅ በአፍ ሐርሞኒካ እያስመሰለ ሰውን የሚያስደንቀው ዲፎርድ ቤይሊ፣ ጥቁር ሰው ነበር፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ከሥራው ተሰናበተ፣ በባላገር ሙዚቃ የክብር መዝገብ የገባውም በ2005 እ.ኤ.አ.፣ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ነገር ግን በዚያ ዝግጅት ውስጥ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰው ዘፋኞቹን በዓይኑ ለማየት ወደ ስቱዲዮው እየጎረፈ ቢያስቸግር ኩባንያው በሩን አልዘጋበትም። ስቱዲዮውን አሰፋ፤ እሱም ሲጠበው ከአዳራሽ አዳራሽ እየተዘዋወረ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ለስብከትና ለጸሎት ተሠርቶ ወደ ነበረው ወደ ራይማን አዳራሽ ገባና እስከ 1974 በዚያ ቆየ። በእርሻው መካከል ብቻውን የተቀመጠው ገበሬ በራዲዮኑ የሚሰማው ዘፋኙን ብቻ አልነበረም። የሕዝቡን ጭብጨባ፣ ሳቁንና ጩኸቱንም አብሮ ይሰማ ነበር።

ይህ የቅዳሜ ማታ ነገር ወደ እኛም በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ደርሷል። ሉዊዚያና ሄይራይድ በሚባለው ተመሳሳይ ዝግጅት ላይ በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ወጣት ቀርቦ ነበር፤ ኤልቪስ ፕሬስሊ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የፖሊስ ኦርኬስትራው ዓለማየሁ እሸቴ ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ አበጥሮ መድረክ ላይ ሲወጣ ወጣቱ ሁሉ ተከተለው። ዛሬም ከለገሃር ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሮ የኬኒ ሮጀርስን ዘፈን ያልሰማ በመካከላችን ካለ እጁን ያውጣ። የአሜሪካ ባላገር ዘፈን እንግዳችን አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የአቃቂው ራዲዮ ጣቢያና የአገር ፍቅር ማኅበር የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የተመረቁትና የተመሠረቱት በ1927 ዓ.ም.፣ ወረራው በደጅ በነበረበት ጊዜ ነው። ማኅበሩ ሕዝቡን ለአገሩ ለማነሣሣት በአደባባይ ንግግርና ዘፈን ያሰማ ነበር። ከድል በኋላም ሁለቱ አብረው ሄዱ። በየቤቱ ራዲዮ ባልነበረበት ዘመን ድምፅ ማጉያ በአደባባይ ይሰቀልና ሕዝቡ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ የአገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በየተራ ወደ ስቱዲዮ እየገቡ ቀጥታ ይጫወቱ ነበር። የተሳሳተ ሰው «እንደ ገና ይቀረጽልኝ» ማለት አይችልም፤ ከአፉ የወጣው ወጣ። ጥላሁን ገሠሠና ብዙነሽ በቀለ በዘመናዊው ባንድ፣ ካሳ ተሰማ፣ አስናቀች ወርቁና ሜሪ አርምዴ በክራር፣ ጌታመሳይ አበበ በማሲንቆ፣ የባላገሩን ትዝታና አምባሰል ወደ ከተማው ጆሮ ያደረሱት ሰዎች እነዚህና ጓዶቻቸው ናቸው። ዘፈን፣ ግጥም፣ ጭውውት በአንድነት የሚቀርብበት ልዩ ልዩ ዝግጅት በኋላም ቀጥሏል፤ የእሑድን ፕሮግራም ወላጆቻችን ዛሬም በናፍቆት ያወሩታል።

የእኛ ራዲዮ ግን ኢንሹራንስ የሚሸጥ አልነበረም። ከፋዩ መንግሥት ነው፣ ዘፋኙም ደመወዝተኛ፣ ብዙ ጊዜም ወታደር ነው። መንግሥትም ማይክሮፎኑን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ቀድመው ከያዟቸው ነገሮች አንዱ ራዲዮ ጣቢያው ነበር። ነገሩ ከከሸፈ በኋላ የክብር ዘበኛ ዘፋኞች ሳይቀሩ፣ ጥላሁን ገሠሠም ጭምር፣ ታሰሩ። እንዲህ ባለ አገር የዘፈን ግጥም ከመተላለፉ በፊት በጽሑፍ ቀርቦ መመርመሩ አያስገርምም። ንጉሡ ወርደው ደርግ ከመጣም በኋላ መርማሪው ተለወጠ እንጂ ምርመራው አልቀረም።

እንግዲህ አዝማሪን ለምርመራ አቅርቡት ቢባል ምን ይቀርባል? አዝማሪ ግጥሙን ጽፎ አይመጣም። ጠጅ ቤት ይገባል፣ የተቀመጠውን ሰው ዓይን ዓይኑን ያያል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ ያወድሰዋል፣ ይነካካዋል። አድማጩም ዝም አይልም፤ ብርሌውን አስቀምጦ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል፤ ሰሙ ለሁሉ ነው፣ ወርቁ ለገባው ነው። ሌላው ከወዲያ ጥግ «ተቀበል!» ብሎ ለፊተኛው መልስ ይሰጣል። አንዳንዴ ነገሩ ወደ ጠብ ያመራል፣ ብዙ ጊዜ በሳቅና በግንባር ላይ በሚለጠፍ ብር ያልፋል። በዚያ ቤት ገጣሚው ማን ነው ቢባል ሁሉም ነው።

ራዲዮው ማሲንቆውን ከዚያ ቤት ወሰደና «ተቀበል»ን በደጅ ተወው። ይኸ ነው የንግግራችን ፍሬ ነገር። ናሽቪል ሕዝቡን ከዘፋኙ ጋር ወደ ማይክሮፎን አስገባ፤ አዲስ አበባ ዘፋኙን አስገብታ ሕዝቡን ውጭ አስቀረች። በዚያም ላይ እኛ ካስቀረነው ሕዝብ ጋር የቀረው ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። የግጥሙ እኩሌታ አብሮ ቀረ።

የአዝማሪ አፍ ምን ያህል እንደሚፈራ የውጭው ጠላትም ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ በሕዝቡ መካከል ወሬ ይነዛሉ ያላቸውን አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እያስያዘ አስረሽኗል፤ በመጋቢት ወር ለሮም ያስተላለፈው ቴሌግራም ምስክር ነው። ያው የወረራ መንግሥት ለሠራተኞቹ ቤት ሊሠራ በከተማችን መሬት መርጦ ነበር። ቤት የሚሠራው መሥሪያ ቤት ምሕጻረ ስሙ ኢንቺስ ነበርና «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ተባለ። በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። አዝማሪን ያስረሸነ መንግሥት ስም ያወጣለት ሰፈር፣ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ የአዝማሪ ሰፈር ተብሎ የሚታወቅ መሆኑን ልብ በሉልን።

ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንዳንድ እናቶችን ሄደን አነጋግረን ነበር። ከመካከላቸው አንዷ በሰፈራቸው ራዲዮ ያለው ቤት የእሳቸው ብቻ የነበረበትን ጊዜ አጫወቱን። ራዲዮኑ ባለ ዳንቴል ልብስ ለብሶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነፍስ ይዘራል። ማታ ዘፈን ሲኖር ጎረቤቱ ቡናውን እዚያው ይጠጣል። ባለቤታቸው የጎጃም ሰው ነበሩና ማሲንቆ በተሰማ ቁጥር፣ ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ማሲንቆው ብቻውን በሚሄድበት መካከል፣ ራዲዮኑን በጣታቸው እያመለከቱ «ተቀበል!» ይሉና የራሳቸውን ስንኝ ይሰጡ ነበር። ራዲዮኑ አይቀበላቸውም፤ ጎረቤቱ ግን ይቀበላቸዋል፣ ቤቱም በሳቅ ይሞላል። እኒህ እናት ዛሬ ከዘፋኙ ዘፈን ይልቅ የባላቸውን ስንኝ ያስታውሳሉ። ጥቂቱን ነገሩን፤ ስለ ጎረቤት ሰዎች የተባለ ስለሆነ እዚህ አናነበውም።

ከቤታቸው ስንወጣ ከእኛ መካከል ብዙ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን እስከ ዛሬም አልተስማማንምና ሐሳቡን ሳንሸሽግ ማቅረብ ይገባናል። እሱ የሚለው ይህ ነው፤ አዝማሪ በአገራችን የተናቀ ሰው ነበር፣ ሲዘፍን ይሸለማል፣ ሲጨርስ ግን ልጃችንን አንድርለትም ይባላል። ለዘፋኝ ደመወዝ፣ የደንብ ልብስና ስም የሰጠው ያ የመንግሥት ኦርኬስትራና ያ ራዲዮ ነው። «እገሌ ዘፈነው» ተብሎ የሰው ስም ከነአባቱ በአየር ላይ መጠራቱ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞም ከወሎ ያልወጣ ሰው የሐረርጌን ዜማ፣ ከሸዋ ያልወጣ ሰው የትግራይን ጭፈራ የሰማው በራዲዮ ነው፤ ጠጅ ቤት ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። እውነቱን ነው። የቀረነው ይህን እንቀበልና ዋጋው ግን ተከፍሎበታል እንላለን። ረጅሙ ዘፈን በጥቂት ደቂቃ ተቆረጠ፤ ለአንድ ሰው የሚባለው ለሁሉም፣ ማለትም ለማንም ላልሆነ ሰው፣ ተባለ። ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በመቆየቱም፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም እስኪጀምር ድረስ፣ ከዚያ በፊት በስቱዲዮ በቀጥታ የተዘፈነው አብዛኛው እንደ ጢስ በኖ ጠፍቷል።

የዩኒቨርሲቲ ሰው በዚህ ነገር እጁ እንዳለበትም ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በትውልዱ ግብፃዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ የየብሔረሰቡን መሣሪያ በአንድነት አሰልፎ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ከጌታመሳይ አበበ ማሲንቆ የተማረው አሜሪካዊው የሰላም ጓድ መምህር ቻርልስ ሰተንም አብሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ቡድኑ የዓባይ ቡድን በሚል ስም አሜሪካን ሲዞር ኤድ ሰሊቫን በተባለው ሰው ዝነኛ የቴሌቪዥን ልዩ ልዩ ዝግጅት ላይ ቀረበ። ማሲንቆ እንግዲህ ቀልደኛና ዘፋኝ ተራ በሚጠብቁበት በዚያ በአሜሪካኖች መድረክ ተቀምጦ አይተነዋል። ያን የመሰለ ሥራ የሠሩት በእኛ ዕድሜ የነበሩ ሰዎችና መምህሮቻቸው መሆናቸውን ለሳቁብን ጓደኞቻችን በትሕትና እናሳስባለን።

የደርግ ዘመን ታሪክ አጭር ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊት የሚኖር ነገር ሁሉ ሞተ፣ ወይም በሩን ዘግቶ እስከ ንጋት እዚያው አደረ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ባላገሩ ስለ እርሻ ዘመቻ ዘፈነ። ግጥሙ ከላይ ይመጣል፤ «ተቀበል» የሚለው ትእዛዝ በዚያ ዘመን ሌላ ትርጉም ነበረው ቢባል ቀልድ ብቻ አይሆንም።

ሰዓት እላፊው በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥቱ ለውጥ በኋላ ሲነሣ ካዛንቺስ ነቃ። በጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የሳር ምንጣፍና አገልግል የተሰቀለበት፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ የሚቀመጥበት አዝማሪ ቤት በየመንደሩ ተከፈተ። ራዲዮ ትቶት የነበረው «ተቀበል» ከነሙሉ ክብሩ የተመለሰው እዚህ ነው። በዘጠናዎቹ እ.ኤ.አ. የነበሩት የከተማ አዝማሪዎች ድምፅ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሁለተኛ ቅጽ ተቀርጾ ለዓለም ደርሷል። ከቤቶቹ አንዱ ፈንዲቃ ነበር። መላኩ በላይ በዚያ ቤት ለሽልማት ብቻ እስክስታ የሚወርድ ወጣት ሆኖ ጀመረ፤ ኋላ ቤቱን ራሱ ያዘውና የሥዕል፣ የግጥምና የሙዚቃ ማዕከል አደረገው። ቶኪዮን ከሚያህል ሩቅ ቦታ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቤት ሆነ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በኮሪደር ልማቱ፣ አብዛኛው ነባር ካዛንቺስ ፈረሰ፤ የፈንዲቃ ቤትም አብሮ ፈረሰ። ስለ ልማቱ የሚከራከረው ሌላ መድረክ አለ፤ ዛሬ ወደዚያ አንገባም። ጭቃ ቤትና ጋራ መጸዳጃ ለማንም አንመኝም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ሄዷል፤ አዝማሪውም መሣሪያውን ይዞ ወደ ሆቴል አዳራሽ፣ ወደ ባህል ምግብ ቤት፣ ወደ ስልክ ቪዲዮ ተበትኗል። ስልክ ላይ አስተያየት መጻፍ ይቻላል፤ አዝማሪው ግን ስንኙን የሚያየው ዘፈኑን ከጨረሰ በኋላ ነው። በሆቴሉም የተቀመጠው እንግዳ አማርኛ አያውቅምና ያጨበጭባል፣ «ተቀበል» አይልም።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛው የመሰብሰብ ሥራ ነው። በቂርቆስና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ በሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ አሮጌ ካሴት፣ በቴፕ ሪከርደር ከራዲዮ የተቀዳ ዘፈን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቃል የተያዘ ስንኝ አለ። ካሴት በየዓመቱ ይበላሻል፤ የሽማግሌም ትዝታ እንደዚያው ነው። እያንዳንዳችን ከየቤታችን ብንጀምር እንኳ ብዙ ነው። ግጥሙን ስትጽፉ ዘፋኙ ያለውን ብቻ ሳይሆን አድማጩ የሰጠውንም ጻፉ፤ ስንኙ ለማን፣ የት ቤት፣ በምን ነገር እንደ ተባለም አብራችሁ አስፍሩ። ስም መጻፍ የሚያሳፍር ነገር ያለበት ከሆነ ስሙን ተዉት፣ ነገሩን ግን አትተዉት።

ሁለተኛው ምሽት ማዘጋጀት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ በ12 ሰዓት፣ በዚሁ አዳራሽ አንድ የማሲንቆ ተጫዋች ይመጣል፤ አስቀድሞ በካዛንቺስ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ዝግጅቱን እንደ ድሮው ልዩ ልዩ አድርገነዋል፤ ግጥም የሚያነቡ ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ጭውውት፣ ክራር የምትጫወት እኅታችንም ትኖራለች። ሁሉንም ከነአድማጩ ድምፅ ቀድተን ለሚያሰማልን ጣቢያ እናቀርባለን። የሚያሰማልን ካልተገኘም በየስልካችን እናስተላልፈዋለን። ግጥም አስቀድሞ ለኮሚቴው እንዲቀርብ የጠየቁን ወገኖች ነበሩ፤ እንደማናደርገው በአክብሮት ነግረናቸዋል። ጠጅ አይኖርም፣ ቡና ይኖራል። ወንበር ስለሚያንስ ከመኝታ ክፍላችሁ በርጩማ ይዛችሁ ኑ፤ ስንኝ ያለውም ስንኙን ይዞ ይምጣ። መምህሮቻችን በፊት ረድፍ እንዲቀመጡ ቦታ ይዘንላቸዋል፤ አዝማሪው መጀመሪያ የሚነካካው የፊቱን ረድፍ መሆኑን ግን አስቀድመን ማስታወቅ ግዴታችን ነው።